አንድ ቃል የጎደለው ማኅበር፦ የአቶ አካለ ወልድ ገብረ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ (1907–1966 ዓ.ም.)

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ሚካኤል ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንግዳ፣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በቢቸና አውራጃ፣ ከቢቸና ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ጥር 5 ቀን 1907 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ስለሆነ፣ ኋላ በሕይወታቸው ለሆነው ነገር ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፣ «እኔ የተወለድሁት እናቴን ምጥ በያዛት ቀን ነው» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ጉባኤ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ፤ ቅኔም ጀመሩ። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ የሚመጣላቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርስ ተስፋ ማድረጋቸው አልቀረም። ይሁን እንጂ አካለ ወልድ ቃል ማሳመር ቢያውቁም ልባቸው ከጉባኤው አይሰነብትም ነበር። ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቅኔ ሲቈጥር እሳቸው ሾላው ላይ ያረፈውን ወፍ ሲመለከቱ ይገኛሉ። አባታቸው፣ «ይህ ልጅ ቃሉ ጥሩ ነው፤ ዐይኑ ግን ውጭ ነው የሚያድረው» ማለታቸውን የጉባኤው ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል።

በጠላት ወረራ ዘመን እንደ እኩዮቻቸው ከአርበኞች ጋር በዐባይ በረሃ አምስቱንም ዓመት ቆዩ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ስለ ውጊያው ከማውራት ይልቅ ማለዳ ውኃ ሊጠጡ ስለሚወርዱት አጋዘኖች ማውራት ይቀናቸው ስለ ነበር፣ ጀብዱ ለመስማት የተሰበሰበው ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ብሎት ይነሣ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በእጅ ጽሑፋቸው ማማር ተመርጠው በቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ።

በየካቲት ወር 1936 ዓ.ም. የሞጣዋን ተወላጅ ወይዘሮ በዛብሽ ኃይለ ጊዮርጊስን በሕግ አገቡ። እዚህ ላይ አቶ አካለ ወልድ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ደጋግመው የተናገሩት፣ ሲሞቱም እንዳይታለፍ ያዘዙት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በእነሱ አካባቢ ሙሽራ የምትቀመጥበትን መደብ በጉሬዛ ቆዳ ማስጌጥ የክብር ወግ ነበር። ሙሽራውም ወግ እንዳይጎድልበት ከሠርጉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ወዳለው የዝግባ ገደል አቦ ደን ጠመንጃውን ይዞ ሄደ። አንዲት ጉሬዛ መትቶ ጣለ። ጠጋ ብሎ ሲያያት ደረቷ ላይ ገና ጠጉሩ ያልጠቆረ፣ እንደ ጥጥ የነጣ ግልገል ተጣብቆ አገኘ። የእናቲቱን ቆዳ ገፎ፣ ግልገሉንም በጋቢው ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ።

ግልገሉ ሙሽራዋ እስክትገባ ድረስ በሕይወት ቆየ። ወይዘሮ በዛብሽም በሠርጋቸው ማግስት፣ ሙሽራ ድምፅዋ በማይሰማበት ሰሞን፣ የፍየል ወተት በጨርቅ እየነከሩ ሲያጠቡት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸው ላይ ሞተ። ቆዳው በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀመጪ ሲባሉም፣ «እናት ላይ አልቀመጥም» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሚዜዎቹ ደነገጡ፤ አማቶቹ ተሳቀቁ። አቶ አካለ ወልድ ቆዳውን አጥፈው ከሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠመንጃ አንሥተው አራዊት አልመቱም። ነገሩን ግን ባልና ሚስቱ ለአሥራ ስድስት ዓመት አላነሡትም።

በ1944 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተልከው የጽሕፈት መኪና ተማሩ። ሲመለሱ በአውራጃው በመኪና የሚጽፉ ብቸኛው ሰው እሳቸው ነበሩ። የጽሑፋቸው ንጽሕና ያስደንቅ ነበር። ዳኞች የእሳቸውን ወረቀት ሳያነቡ ይፈርማሉ ይባል ነበር፤ ይህም ምስጋና መሆኑ ቀርቶ ኋላ ጣጣ አመጣባቸው። ከ1945 እስከ 1950 ዓ.ም. በሞጣ ፍርድ ቤት ሲሠሩ ሦስቱን ልጆቻቸውን፣ ወይዘሮ ስሜነሽን፣ አቶ ስማቸውንና ወይዘሮ ማናዬን እዚያው አሳደጉ። ከጎረቤታቸው ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ እንድሪስ ጋር የተዋወቁትም ያን ጊዜ ነው። አቶ እንድሪስ የሞጣ መስጊድ ጸሎተኛ፣ አቶ አካለ ወልድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱም ችግኝ ሲያዩ የሚነሆልሉ ሰዎች በመሆናቸው ከበቂ በላይ ተግባቡ።

በ1950 ዓ.ም. ወደ ቢቸና ተመልሰው ቢዛወሩም፣ በሥራም በዘመድ ጥየቃም ወደ ሞጣ በበቅሎ ይመላለሱ ነበር። በዝግባ ገደል አቦ በኩል ባለፉ ቁጥር ደኑ እየሳሳ መሄዱን ያያሉ። ዝግባው ለሳንቃ፣ ወይራው ለማገዶ ይወርዳል። ከደጀን በኩል የሚመጡ የቆዳ ገዢዎችም ጉሬዛ ማስገደል ጀምረው ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በቅሏቸውን አስረው ከማለዳ እስከ ቀትር ደኑን ዞሩ። ቤት እንደ ደረሱ ለወይዘሮ በዛብሽ፣ «የቀሩት ሰባት ናቸው። ሰባት ብቻ» አሏቸው። ወይዘሮ በዛብሽ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «ስምንተኛዋ እኛ ሳጥን ውስጥ ናት። እሷንም ይቁጠሯት» ብለው መለሱ። አቶ አካለ ወልድ ይህን መልስ በሕይወታቸው ከሰሙት ሁሉ የከበደ ቃል ነበር ይሉ ነበር። የእነዚያን ሰባት ጉሬዛዎች ነገር ከራሳቸው ነፍስ ነገር የማይለዩት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዝግባ ገደል አቦ ገበዝ ከመምሬ ሣህለ ማርያም፣ ከአቶ እንድሪስና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር መክረው ትርፍ የማይሻ፣ ደኑን የሚያለማና አራዊቱን የሚጠብቅ ማኅበር ለማቋቋም ቆረጡ። ማመልከቻውን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጥያቄ አልነበረም። «የቢቸናና የሞጣ የዱር አራዊት ጥበቃ ማኅበር» ብለው ሊጽፉ ተቀመጡ። «የዱር አራዊት» ሲደርሱ መስመሩ አለቀ፤ የመኪናው ደወል ጮኸ። በዚያች ቅጽበት የቢሮው መስኮት ላይ አንዲት ዋኔ አረፈች። አቶ አካለ ወልድ ቀና ብለው አይተዋት፣ መስመሩን ዝቅ አድርገው «ማኅበር» ብለው ጨረሱ። በአሥር ዓመት ፊደል ስተው የማያውቁት ሰው ሙሉ ቃል ዋጡ። የአውራጃው ሹም እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ፤ ፈቃዱ ወጣ፤ ማኅተም ቀራጩም በወረቀቱ ላይ ያየውን ቀረጸ። ሰባቱ ሰዎች ተሰብስበው ማኅተሙን የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሲያሳርፉ፣ በጉልህ የታየው «የቢቸናና የሞጣ የዱር አራዊት ማኅበር» የሚል ነበር።

ቢቸና እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ ዝም የምትል ከተማ አይደለችም። ወሬው በአንድ የገበያ ቀን አገሩን አዳረሰ። አቶ አካለ ወልድ ወደ ቢሮ ሲሄዱ፣ «ጋሼ አካለ፣ ሊቀ መንበሩ ጅብ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» የሚላቸው አለ። «ዝንጀሮዋ ለስብሰባ መጥታ ቢሮው ዝግ ነው ብላ ተመለሰች» የሚልም አልጠፋ። እሳቸውም መሳቅ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ይህ ግን አላሳቃቸውም። የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩና በቃል መሳሳት ለእሳቸው ራቁት ከመታየት አይተናነስም። እንጀራቸውም ክብራቸውም የቆመው በጽሑፋቸው ላይ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ሰው በማኅበሩ ስም እየሳቀ አባል የሚሆን ጠፋ። የቆዳ ገዢዎቹ በዚያው ሰሞን አንድ ጉሬዛ አስገድለው ስለ ነበር የቀሩት ስድስት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ መሥራቾች ሁለቱ ወጡ። አቶ አካለ ወልድም ፈቃዱን መልሰው ማኅበሩን ሊያፈርሱ ወስነው፣ አስቀድመው ለወጉ ያህል አባታቸውን ሊያማክሩ ሄዱ።

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ዐይናቸው ደክሞ ነበር። ወረቀቱን አስነበቡት። አንድ ጊዜ ሰምተው እንደገና አስነበቡት። ከዚያም ልጃቸው የጠበቁትን ተግሣጽ ትተው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቅኔ ዘርፈህ ባታሳየኝ ዛሬ ሳታስበው ዘረፍህ» አሏቸው። ነገሩን እንዲህ ሲሉ ፈቱት፦ «ሰው የሚስቀው በሰሙ ነው። ወርቁን ያየ የለም። ማኅበሩ የአራዊቱ ነው፤ የእናንተ አይደለም። ከደኑ ባለቤቶች አንዱ እንኳ እጁን ዘርግቶ ጽዋ አይቀበልም፤ ስለዚህ ጽዋቸውን አንሡላቸው። ተራቸውን ጠብቁላቸው። ጻድቁ አቡዬ ከአንበሳና ከነብር ጋር ኖረው የለም? በእሳቸው ቀን ጠጡት።»

ማኅበሩ የዳነው በዚህ ቃል ነው። ቢሮና ሊቀ መንበር የነበረው ነገር ቀርቶ፣ ጎጃሜ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሚያውቀው የጽዋ ማኅበር ሆነ። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ጽዋው ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው ድግሱን ብቻ ሳይሆን ደኑንም ይረከባል። ለሠላሳ ቀን የአራዊቱ እንደራሴ ነው፤ ችግኝ ያጠጣል፣ ምንጩን ያጸዳል፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ካየ ለምኖ ይመልሳል። በእሱ ወር ዛፍ ቢወድቅ ወይም አውሬ ቢሞት በሚቀጥለው አምስት በማኅበርተኛው ፊት ቆሞ ይናገራል። ከጽዋ ፊት መዋሸት በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ፖሊስ ያላስቆመውን ቆራጭ ይህ አስቆመው።

የአቶ እንድሪስ ተራ ሲደርስ ነገሩ አስቸግሮ ነበር። እሳቸው የጽዋውን ጠላ አይጠጡም፤ ተራቸውን መዝለል ደግሞ የሚታሰብ አልነበረም። መምሬ ሣህለ ማርያም ሌት ተቀን አስበውበት መላ አመጡ። ጽዋው ለዚያ ወር ከቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ፤ አቶ እንድሪስ በጽዋው ፋንታ ችግኝ ይቀበሉ፤ በሚቀጥለው ወር ችግኙን ከነእድገቱ ያስረክቡ። አቶ እንድሪስ የተቀበሉትን አንድ የዝግባ ችግኝ በወሩ መጨረሻ ስልሳ አድርገው በሁለት አጋሰስ ከሞጣ ጭነው መጡ። ከዚያ ወዲህ ክርስቲያኑም ሁሉ ከጽዋው ጋር ችግኝ መቀበል ግዴታው ሆነ። ዛሬ ከመንገዱ በላይ የሚታየው ወጣት ዝግባና ወይራ፣ በየጥጉም ያለው ብሳናና ዋንዛ፣ የዚያ ወር ልጅ ነው።

በ1956 ዓ.ም. በአካባቢው ተኳሽነቱ የታወቀው አቶ ውበቴ ሁለት ጉሬዛ ገደለ። ማኅበርተኛው ተቆጥቶ ይከሰስ አለ። ክሱን የሚጽፉት አቶ አካለ ወልድ፣ የሚያቀርቡትም ለገዛ መሥሪያ ቤታቸው ስለ ነበር ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር። እሳቸው ግን ክሱን ሳይጽፉ፣ ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ የኖረውን ቆዳ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አቶ ውበቴ ቤት ሄዱ። መደቡ ላይ ዘርግተው የነጩን ግልገል ነገር አንድ በአንድ ነገሩት። በመጨረሻም፣ «እኔ አንተን የምከስበት አፍ የለኝም። የሚቀጥለውን ጽዋ ግን አንተ ተቀበለኝ» አሉት። አቶ ውበቴ የቆዳውን ጠጉር እየዳሰሰ፣ «አዬ ጋሼ፣ ከእስር ቤቱ ይህ ይከፋል» አለ። ጽዋውን ተቀበለ። ዛሬ ከማኅበርተኛው ሁሉ የደኑን እግር መንገድ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም።

ማኅበሩ ሁሉ ነገር ቀና ሆኖለት ኖረ ብሎ መጻፍ ሟቹን ማስቆጣት ነው። በ1959 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲበሰብስ ደብሩ ዝግባ ሊቆርጥ ተነሥቶ፣ ማኅበርተኛው ከቢቸና ድረስ ባሕር ዛፍ በትከሻው አመላልሶ ነው ዝግባው የተረፈው። በ1961 ዓ.ም. ነብር ተመልሶ መጣ ተብሎ ደስታ ሲደረግ፣ ነብሩ በበኩሉ የመምሬ ሣህለ ማርያምን ፍየል በልቶ አደረ። መምሬ ሦስት ወር አኮረፉ። አቶ አካለ ወልድ የወሩ ተረኛ ስለ ነበሩ ፍየሏን በፍየል ተክተው፣ «አባ፣ እንግዳ መጥቶ ሳይበላ ይሂድ እንዴ?» ብለው አስታረቋቸው። በዚያው ዓመት ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጥቶ፣ በማኅበሩ ስም ላይ «ጥበቃ» የሚል ቃል መጉደሉ ስለታወቀ እንዲታረም አሳሰበ። አቶ አካለ ወልድ የጻፉት መልስ በእጃችን አለ። «ስሙ ትክክል ነው» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

በየዓመቱ ጥቅምት 5 ቀን ማኅበርተኛው ከደኑ ሥር ተሰብስቦ ስም ጥሪ ያደርጋል። በመጀመሪያ ሰዎቹ በየስማቸው ይጠራሉ። ቀጥሎ አቶ አካለ ወልድ መዝገቡን እንደያዙ ቀና ብለው ጉሬዛዎቹን ይቆጥራሉ። ከሰው የቀረ ይቀጣል፤ ከጉሬዛዎቹ የጎደለ ካለ ግን የሚቀጣው ሰው ነው። በ1962 ዓ.ም. ከሥራቸው በጡረታ ሲሰናበቱ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች አሮጌውን የጽሕፈት መኪና በስጦታ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ደኑ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሆኑ። ደስተኛ ሰው ነበሩ። ይህን በልበ ሙሉነት መጻፍ መቻል ለልጆቻቸው ትልቅ ውርስ ነው።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልና በቤታቸው አስፈላጊው ሕክምና ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ባለፈው ጥቅምት 5 ቀን ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስም ጥሪው ቀሩ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም፤ ዐይናቸው ከበሩ ላይ አልተነሣም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አቶ ውበቴ ከነአቧራው ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ሃያ ዘጠኝ» አለ። አቶ አካለ ወልድ፣ «ነጮቹስ?» ሲሉ ጠየቁት። «አራት። አራቱም በየእናታቸው ደረት ላይ ናቸው።» ወደ ወይዘሮ በዛብሽ ዞረው ለረጅም ጊዜ አይዋቸው። ወይዘሮ በዛብሽም፣ «ሰማሁ፣ ሰማሁ። አሁን ይብሉ» አሉ። በሉም።

አቶ አካለ ወልድ ጥቅምት 29 ቀን 1966 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ ጥቅምት 30 ቀን፣ በኑዛዜያቸው መሠረት በዝግባ ገደል አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ያ የጉሬዛ ቆዳም በዚሁ ኑዛዜ ወደ ወጣበት ደን ተመልሷል፤ ዛሬ ማለዳ ወይዘሮ በዛብሽ በገዛ እጃቸው ከአንድ ዝግባ ሥር ቀብረውታል። ኅዳር 5 የሚነሣው ጽዋ የአቶ አካለ ወልድ ተራ ነበር። ወይዘሮ በዛብሽ ተራው እንደማይዘለል፣ ጽዋውንም ደኑንም እሳቸው እንደሚረከቡ ለማኅበሩ አስታውቀዋል።

አቶ አካለ ወልድ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የዘጠኝ ልጆችም አያት ነበሩ። ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሌላ ሠላሳ አራት ሰዎችና ሃያ ዘጠኝ ጉሬዛዎች ማኅበርተኞቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ይህን ታሪክ በአባቷ የጽሕፈት መኪና የጻፈችው ልጃቸው ስሜነሽ፣ ከዚህ በታች የማኅበሩን ስም ስታሰፍር ምንም ቃል እንዳልዘነጋች አንባቢ እንዲያውቅላት ትጠይቃለች።

አውሬ ሰውን በማይሸሽበት፣ ሰውም አውሬን በማይገድልበት በዚያ ደን አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ሲደርሱም አንዲት እናት ከነነጭ ግልገሏ በምሕረት ትቀበላቸው።

ቤተሰቦቻቸውና
የቢቸናና የሞጣ የዱር አራዊት ማኅበር